ከስምሪት በፊት ያሉት ወራት፦ ለተጠባባቂ ወታደርና ለቤተሰቡ

በአሜሪካ የምድር ጦር ተጠባባቂ ኃይል ወይም በናሽናል ጋርድ (በብሔራዊ ዘብ) የሚያገለግል ሰው በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሠለጥናል። ሲደመር 40 ቀን እንኳ አይሞላም። በቀረው ጊዜ ነርስ ነው፣ ሹፌር ነው፣ ተማሪ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የባሕር ማዶ ስምሪት ትዕዛዝ ሲመጣ ግን ከመደበኛው ወታደር ጎን ቆሞ ያንኑ ሥራ በዚያው ልክ እንዲሠራ ይጠበቅበታል። ዝግጅት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ተኩስና ሩጫ ነው። በነገሩ ውስጥ የቆየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። አንድ ብርቱ ወታደር ከጓዶቹ ጋር ሳይሄድ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በተበላ ጥርሱ፣ ባልተሟላ ክትባቱ፣ ባልተፈረመ ወረቀቱ ወይም ልጁን የሚረከብለት ሰው በማጣቱ ነው። እነዚህ ነገሮች ክፍሉ ከመብረሩ በፊት በሚሰበሰብበት ጦር ሰፈር፣ ቴክሳስ ውስጥ እንዳለው ፎርት ብሊስ ባለ ቦታ፣ በሚያሳልፋቸው ጥቂት ሳምንታት ተሯሩጠው የሚያልቁ አይደሉም። ቤት ሆኖ፣ ገና ትዕዛዝ ሳይመጣ፣ ቀስ እያሉ የሚሠሩ ናቸው። «ቀን ሳለ ሩጥ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይመስለኛል።

ትዕዛዙ እጅ ሲገባ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው የመነሻው ቀን ላይ ነው። እኔ ከቀኑ በፊት የሕጉን ቁጥር ማየት እመክራለሁ። ትዕዛዙ በፌዴራል ሕግ በታይትል 10 የትኛው አንቀጽ እንደተሰጠ በራሱ ላይ ተጽፏል። 12302 ከሆነ እስከ 24 ተከታታይ ወር ሊያቆይ ይችላል፤ 12304 ከሆነ እስከ 365 ቀን። ብዙ መብት የሚመነጨው ከዚህ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ትዕዛዙ ከ30 ቀን በላይ ለሆነ ጊዜ በይፋ ለተሰየመ ወታደራዊ ዘመቻ ከተሰጠ፣ ወታደሩና ቤተሰቡ አገልግሎቱ ከመጀመሩ እስከ 180 ቀን ቀደም ብሎ ትራይኬር በተባለው የወታደር የጤና መድን ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ይህ ማለት የጥርስ ሥራውንም፣ የሚስትን ወይም የባልን ሕክምናም ከመነሳት በፊት ማጠናቀቅ ይቻላል ማለት ነው። የሚሰናከለው የክፍሉ አስተዳደር ትዕዛዙን በወታደር ቤተሰብ መዝገቡ ላይ ሳያስገባ ሲዘገይ ነው፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ «ስማችሁ የለም» ይባላሉ። ትዕዛዙ በተሰጠ በሳምንቱ ደውሎ መዝገቡ ላይ መታየቱን ማረጋገጥ ብዙ እንግልት ያስቀራል። የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀቱ ከአሜሪካ ውጭ የተሰጠ ከሆነ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ስለሚጠየቅ እሱም ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በሁሉም ሰነድ ላይ ስሙ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ አንዲት የተለወጠች ፊደል ቤተሰብን ለወራት ስታመላልስ ትኖራለች።

ከወረቀቶቹ ሁሉ እጅግ ክብደት ያላቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ዲዲ 93 የሚባለው የአደጋ ጊዜ መረጃ ቅጽ ነው፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ቤት እንደሚንኳኳ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለተኛው የወታደሮች የቡድን የሕይወት መድን ነው። ከመጋቢት 2023 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ከፍተኛው ሽፋኑ 500,000 ዶላር ደርሷል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ገንዘቡ የሚከፈለው በቅጹ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ኑዛዜ አይሽረውም፤ ፍቺም አይሽረውም። ከዓመታት በፊት የተፋታ ሰው የቀድሞ ሚስቱን ስም ሳያወጣ ቢሞት ገንዘቡ ለእሷ ይሄዳል፤ አሁን ያለችው ሚስትና ልጆቹ ፍርድ ቤት ቢቆሙም የሚያገኙት የለም። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በቀጥታ ከተጻፈም ገንዘቡ ሞግዚት በፍርድ ቤት እስኪሾም ድረስ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ቅጹን ከፍቶ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልክ ቁጥሩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። «ባለፈው ሞልቼዋለሁ» ማለት በዚህ ጉዳይ አይበቃም።

ውክልናን በተመለከተ አንድ ጠቅላላ ውክልና ሁሉን ይሸፍናል ብሎ መሄድ የተለመደ ነው፤ ባንኩ ግን አልቀበልም ሊል ይችላል፣ ቤት ሻጭና ገዢም እንዲሁ። የሚሻለው ለየጉዳዩ የተለየ ውክልና ነው፦ ለመኪናው አንድ፣ ለቤቱ አንድ፣ ለግብር ማስታወቂያው አንድ። ባንኩ የራሱ ቅጽ ካለው እዚያው ሄዶ መፈረም ይበልጣል። ማብቂያ ቀኑን ከመመለሻው ሁለት ሦስት ወር አሳልፎ መጻፍም ብልህነት ነው፤ ስምሪት ሲራዘም ውክልናው መሀል መንገድ ላይ ይሞታልና። ጠቅላላ ውክልና በእጅ መያዝ ደግሞ ትልቅ ሥልጣን ነው። ቤት መሸጥ፣ ብድር መውሰድ ያስችላል፤ ለማን እንደሚሰጥ በጥንቃቄ ይታሰብበት። ይህን ሁሉ የጦሩ የሕግ አገልግሎት ቢሮ ያለ ክፍያ ያዘጋጃል፤ ኑዛዜም ጭምር።

ልጅ ብቻውን የሚያሳድግ ወታደር፣ ወይም ባልና ሚስት ሁለቱም ወታደር ከሆኑ፣ የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቅጹ ዲኤ 5305 ይባላል። ቅጹን መሙላት ቀላል ነው፤ ዕቅዱ እውነት መሆኑ ነው ከባዱ። እህቴ ትይዝልኛለች ብሎ የእህትን ስም መጻፍና እህት በእርግጥ ለዓመት ያህል ሥራዋን አስተካክላ ልጁን ትምህርት ቤት ልታመላልስ፣ ሐኪም ቤት ወስዳ ልትፈርም መቻሏ የተለያየ ነገር ነው። ዕቅዱን መፈተኛው መንገድ በአንዱ የሥልጠና ቅዳሜና እሁድ ልጁን ከነሙሉ ወረቀቱ ለተረካቢው ሰጥቶ መሄድ ነው። ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ፈቃድ እንደጎደለ፣ የመድን ካርዱ እንዳልተሰጠ፣ የመድኃኒቱ መጠን እንዳልተጻፈ ይታወቃል።

በሥራና በዕዳ በኩል ሁለት ሕጎች ወታደሩን ይጠብቁታል፤ ግን ካልጠየቋቸው አይናገሩም። አንደኛው በ1994 የወጣው ዩሴራ ነው። አሠሪ በውትድርና ምክንያት የሄደን ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመልስ ያስገድዳል፤ ያውም ባይሄድ ኖሮ ይደርስበት ወደነበረው ደረጃና ደመወዝ። ለአንድ አሠሪ ድምሩ አምስት ዓመት ድረስ ይሠራል፤ በግዳጅ የተጠራ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ወታደሩ በበኩሉ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። በቃልም ይበቃል፤ ነገር ግን በጽሑፍ አድርጎ ቅጂ ማስቀረት ነገ ከሚነሳ ክርክር ያድናል። ከተመለሰ በኋላ አገልግሎቱ ከ180 ቀን በላይ ከነበረ በ90 ቀን ውስጥ፣ ከ31 እስከ 180 ቀን ከነበረ በ14 ቀን ውስጥ ማመልከት ይጠበቅበታል። ይህን ቀን አሳልፎ መብቱን ያዳከመ ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም የመመለሱ ደስታ ቀን ያስረሳል።

ሁለተኛው የወታደሮች የፍትሐ ብሔር ከለላ ሕግ ነው። ወታደሩ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት የገባበት ዕዳ፣ የክሬዲት ካርድም የመኪናም የቤትም ቢሆን፣ ወለዱ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ያደርጋል። ከ6 በላይ ያለው ወለድ ጭራሹን ይሰረዛል፤ ለኋላ አይቀመጥም። ለዚህ ደብዳቤና የትዕዛዙ ቅጂ ለአበዳሪው መላክ አለበት፤ ቢዘገይ አገልግሎቱ ካለቀ በ180 ቀን ውስጥ። የቤት ኪራይ ውልንም፣ ስምሪቱ 90 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ያለ ቅጣት ማፍረስ ይቻላል። አቆጣጠሩ ሰዎችን ያደናግራል፦ ማስታወቂያው መጋቢት 10 ቢሰጥና ኪራይ በየወሩ በ1ኛው ቀን የሚከፈል ቢሆን፣ ቀጣዩ ክፍያ ሚያዝያ 1 ነው፤ ውሉ የሚያበቃው ከዚያ 30 ቀን ቆጥሮ ግንቦት 1 ነው (በአውሮፓውያኑ ወራት)። ማስታወቂያውን ለሚያዝያ 2 ያሳለፈ ሰው አንድ ወር ሙሉ በከንቱ ይከፍላል።

አሁን ወደ ሰውነት። ጦሩ ጥርስን በአራት ደረጃ ይመድባል። 1 እና 2 ይሄዳሉ። 3 ማለት በ12 ወር ውስጥ ድንገተኛ ሕመም ያመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ጥርስ አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው አይሄድም። 4 ደግሞ ምርመራው ዓመት ያለፈው ወይም ጭራሹ የሌለ ነው፤ እሱም እንደዚያው። ለምን ይህን ያህል ለጥርስ ይጨነቃሉ የሚል ካለ፣ ራቅ ባለ ጣቢያ ያለ ወታደር ጥርሱ ሌሊት ሲያብጥ ሄሊኮፕተር ወይም የታጀበ ተሽከርካሪ ሌሎችን ለአደጋ አጋልጦ ሊያነሳው ግድ ስለሚሆን ነው። የነርቭ ሥራና የጥርስ ሽፋን ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይፈልጋል፤ በመሰባሰቢያው ጦር ሰፈር የሚቀለው ጥርሱን ነቅሎ መጣል ነው። በከተማው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ከስድስት ወር በፊት የጀመረ ሰው ጥርሱን ይዞ ይሄዳል።

ክትባትም ጊዜ ይጠይቃል። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የሄፓታይተስ ኤ ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው ስድስት ወር ይርቃል። የታይፎይድ መርፌ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ወዴት እንደሚኬድ ሳይታወቅ ሁሉንም መወጋት አያስፈልግም፤ መዝገቡን አይቶ የጎደለውን ማወቅ ግን ዛሬም ይቻላል። የዓመቱ የጤና ግምገማ ከተዘለለ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢሟላም በመዝገቡ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ከመነሳት በፊት ባሉት 120 ቀናት ውስጥ የሚሞላው ዲዲ 2795 የሚባል የጤና ቅጽም አለ፤ በእሱ ላይ እውነቱን መጻፍ የራስን ነገ መጠበቅ ነው። ጉልበቱ ወይም ጀርባው ከመሄዱ በፊት ይታመም እንደነበር ያልተጻፈለት ሰው ከተመለሰ በኋላ ምን እንደባሰበት ለማስረዳት ይቸገራል። የአእምሮ ጤና መድኃኒት የሚወስድም መደበቅ የለበትም። ሁኔታው ቢያንስ ሦስት ወር ተረጋግቶ ከቆየ ብዙ ጊዜ በሩ አይዘጋበትም፤ ደብቆ ሄዶ በረሃ ላይ መድኃኒቱ ያለቀበት ሰው ግን ለራሱም ለጓዶቹም አደጋ ነው። በቋሚነት የሚወሰድ መድኃኒት የ180 ቀን ስንቅ ይያዝ። መነጽር የሚያደርግ ሁለት መነጽርና በጋዝ ጭምብሉ ውስጥ የሚገባ ሌንስ ያስፈልገዋል፤ ሌንሱ ታዝዞ እስኪመጣ ሳምንታት ስለሚወስድ ቀድሞ ይጠየቅ።

ወባ ባለበት አገር የሚሰማራ ሰው የሚሰጠውን ክኒን ለምን እንደሚውጥ ይወቅ። ዶክሲሳይክሊን በቀን 100 ሚሊግራም ነው። ከመግባት ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጡ በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል። በብዙ ውኃ ተውጦ ቶሎ ካልተጋደሙ ምንም አይልም፤ በትንሽ ውኃ ውጠው የተኙ ሰዎች ግን ጉሮሯቸው ተቃጥሎ መዋጥ ያቅታቸዋል። ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል። አቶቫኮን ፕሮጓኒል ደግሞ በየቀኑ ሆኖ ከወጡ በኋላ ሰባት ቀን ብቻ ይበቃዋል። ከተመለሱ በኋላ በጉበት ተደብቆ የሚቆየውን ወባ የሚያጠፉት ፕሪማኩዊንና ታፌኖኩዊን ሲሆኑ፣ ከእነሱ በፊት ጂ6ፒዲ የሚባለውን ኢንዛይም የሚለካ የደም ምርመራ ግድ ነው፤ ያ ኢንዛይም ያነሰው ሰው ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርሳል። ወባ በኖረባቸው አካባቢዎች የዘር ሐረጋቸው ላለ ሰዎች ይህ እጥረት ስለሚበረታ፣ ምርመራው መዝገብ ላይ መኖሩን ጠይቆ ማረጋገጥ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ነው። በወባ የሚወድቁት ክኒኑ ያልተሰጣቸው ብቻ አይደሉም፤ ቤት ከገቡ በኋላ ያሉትን የመጨረሻ ሳምንታት የተዉትም አሉበት።

ጉልበትን በሦስት ሳምንት ልገንባ ያለ ሰው ጉልበቱን ሰብሮ ይገባል። በ2025 የተጀመረው የጦሩ የአካል ብቃት ፈተና አምስት ነገር ይለካል፦ ከባድ ክብደት ከመሬት ማንሳት፣ እጅ እያነሱ የሚሠራ ፑሽ አፕ፣ እየሮጡ መጎተትና መሸከም፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ የ2 ማይል ሩጫ። በእያንዳንዱ ቢያንስ 60 ነጥብ ይፈለጋል። ለስምሪት የበለጠ የሚያዘጋጀው ግን በሸክም መጓዝ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት፣ በመሀሉ የዕረፍት ቀን ያለው። ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይጀመርና ርቀትና ክብደት በአንድ ሳምንት አብረው እንዳይጨምሩ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቁም። በሸክም መሮጥ የአጥንት መሰንጠቅና የጉልበት ጣጣ ያመጣልና ይቅር። አዲስ ጫማ ለብሶ ወደ መሰባሰቢያው የሚሄድ ሰው በሁለተኛው ቀን ተረከዙ ይላጣል፤ ጫማው ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት በዚያው ካልሲ ሊገራ ይገባል።

የጥይት መከላከያው ሰደርያ ሌላ ነገር ነው። መካከለኛ መጠን ያለው አንድ የሴራሚክ ጠፍጣፋ 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ፊትና ኋላ ሁለት ነው፣ ከጎኖቹ ጋር ይበዛል። የፊተኛው የላይ ጠርዝ በአንገት ሥር፣ ከትከሻ ወደ አንገት የሚመጡት ሁለቱ አጥንቶች ፊት ለፊት ከሚገናኙበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ መድረስ አለበት። ሰው ሁሉ ለመቀመጥ ይመቸዋል ብሎ ወደ ሆዱ ያወርደዋል። ያን ጊዜ ጠፍጣፋው ሆድን ሸፍኖ ልብና ትልልቆቹን የደም ሥሮች ባዶ ይተዋል።

ሙቀትን መልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ በየቀኑ በሙቀት ውስጥ ሥራን ከፍ እያደረጉ ነው የሚለመደው። ውኃ ጠጡ ጠጡ የሚለው ምክር ግን ልክ አለው። በሰዓት ከ1.4 ሊትር፣ በቀን ከ11 ሊትር በላይ የሚጠጣ ሰው የደሙ ጨው ቀጥኖ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት ይጀምረዋል። ምልክቱ ከሙቀት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ጓዶቹ ተጨማሪ ውኃ ይሰጡትና ያብሱበታል። ብዙ ውኃ የጠጣ፣ ሽንቱ ነጭ የሆነ፣ ግን እየባሰበት ያለ ሰው ውኃው ተከልክሎ ቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ተጠባባቂው ወታደር ጠመንጃውን ቤቱ አይወስድም፤ በክፍሉ የጦር መሣሪያ ክፍል ተቆልፎ ይቀመጣል። ለዚህ ነው የተኩስ ክህሎቱ በወራት ውስጥ የሚላላው። የማነጣጠሪያ ማስተካከያው በ25 ሜትር ይጀመራል። በተከታታይ የተተኮሱት ጥይቶች 4 ሴንቲሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ካልተሰበሰቡ፣ ማነጣጠሪያውን መነካካት ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ጥይቶቹ ይሰብሰቡ፣ ከዚያ ወደ መሀል ይሳቡ። ካልተሰበሰቡ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሰውዬው ዘንድ ነው፤ ጉንጩን በሰደፉ ላይ በየተኩሱ የተለያየ ቦታ ያሳርፋል፣ ምላጩን ይመነጭቃል፣ ትንፋሹን አያስተካክልም። ሁሉም በትክክል እየተሠራ ጥይቶቹ ሲበተኑ ደግሞ የማነጣጠሪያው መነጽር ማሰሪያ ብሎን መላላቱ ይታይ። በ25 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃም በእውነተኛው ርቀት ተተኩሶ ካልተረጋገጠ ያልተስተካከለ ያህል ነው። አንዱ ያስተካከለው ለሌላው አይሆንም፤ በስምሪት ዋዜማ ጠመንጃ ከተቀየረ ሥራው ከአንድ ይጀመራል።

የክህሎት ፈተናው 40 ጥይት ነው፤ ለማለፍ 23 ዒላማ መጣል ያስፈልጋል። በአራት አቋም፣ በየአቋሙ በአንድ ካዝና 10 ጥይት ይተኮሳል፤ ከ50 እስከ 300 ሜትር ባሉ ዒላማዎች ላይ። አቋም መቀየሩና ካዝና መለወጡ ያለ ትዕዛዝ በራስ የሚሠራ ስለሆነ የሚወድቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ማነጣጠር ስላቃተው አይደለም፤ ካዝናውን ሲፈልግ ዒላማው ተነሥቶ ይወድቅበታል። መድኃኒቱ ያለ ጥይት መለማመድ ነው። በሥልጠናው ቅዳሜ ሁሉም ለምሳ ተራ ሲጠብቅ፣ ባዶነቱ በሁለት ሰው በተረጋገጠ ጠመንጃ፣ ከመተኛት ወደ መንበርከክ፣ ከመንበርከክ ወደ መቆም 20 ጊዜ መደጋገም፤ ካዝናውን ሳያዩ በእጅ ማግኘት እስኪለመድ ድረስ። አንዲት ጥይት አያስወጣም።

ከሥልጠናዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ደም ማቆምን እመርጣለሁ። ከእጅና ከእግር የሚፈስ ደም በደቂቃዎች ይገድላል፤ ቱርኒኬት በሚባለው፣ በዘንግ እየተጠመዘዘ በሚጠብቅ ማሰሪያ ቀበቶ ግን የሚቆም ነው። አሠራሩ ይህ ነው። ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ መገጣጠሚያ ላይ አይታሰርም። ቁስሉ ካልታየ ወይም ተኩስ ካለ በልብሱ ላይ፣ እጅና እግር ከአካል ከሚገናኙበት ሥር፣ ከፍ አድርጎ ይታሰራል። ሰዎች የሚሳሳቱት ማጠፊያው ዘንግ ላይ ሳይደርሱ ነው። ቀበቶውን መጀመሪያ በኃይል ስበው፣ ሦስት ጣት ከሥሩ እስከማይገባ ድረስ፣ ማጥበቅ ሲገባቸው አላልተው ትተው ዘንጉን ማዞር ይጀምራሉ። ያኔ ዘንጉ ላላውን ቀበቶ ሲሰበስብ ያልቅና ደሙ ይቀጥላል። ቀበቶው በደንብ ከተሳበ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ደሙ ሲቆምና ከቱርኒኬቱ በታች ያለው የደም ሥር ትርታ ሲጠፋ ዘንጉ በመያዣው ይቆለፋል፣ ሰዓቱ ይጻፋል። ካልቆመ ሁለተኛ ቱርኒኬት ከመጀመሪያው በላይ ጎን ለጎን ይታሰራል። ያማል፤ በጣም ያማል። የቆሰለው ሰው «ፍቱልኝ» ብሎ ይጮሃል፤ ያን ጊዜ ማላላት ነው ሰው የሚያስገድለው። በየጥቂት ደቂቃው ማላላት ይገባል የሚለው አሮጌ ትምህርትም ይረሳ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አዲሱ ቱርኒኬት ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ በአንድ እጅ እንዲከፈት ተደርጎ ታጥፎ፣ ሁለቱም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሰቀል። በደም የረጠበ እጅ ፕላስቲክ አይቀድም። ሰማያዊው የመለማመጃ ነው፤ ደጋግሞ ተጠምዝዞ የደከመ ስለሆነ ለእውነተኛ ቁስል አይያዝ። ብሽሽትና ብብት ላይ ቱርኒኬት አይሠራም። እዚያ ደም የሚያረጋ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) እስከ ጥልቁ ጠቅጥቆ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ክብደትን ጥሎ መጫን ነው፤ ሦስት ደቂቃ በሰዓት ሲታይ ረጅም ስለሆነ ሰው ቀድሞ እያነሳ ያያል፣ ደሙም እንደገና ይጀምራል።

ቁስለኛ ለማንሳት የሚተላለፈው መልእክት ዘጠኝ መስመር ነው። ሄሊኮፕተሩ ለመነሳት አምስቱ ይበቁታል፦ ቦታው፣ የሬዲዮ ሞገዱና መጥሪያው፣ ስንት ቁስለኛ በምን ያህል አጣዳፊነት፣ የሚያስፈልገው ልዩ መሣሪያ፣ ስንቱ በቃሬዛ ስንቱ በእግሩ። ካርዱን መያዝ ጥሩ ነው። መለማመድ የሚገባው ግን በጩኸትና በድካም መሀል፣ ቁስለኛ ሆኖ የሚጮኽ ጓድ አጠገብ ሆኖ ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያነበበው ሰው ሬዲዮ ሲይዝ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን መስመር፣ ቦታውን፣ ይስታል።

የጋዝ ጭምብል በ9 ሰከንድ ይለበሳል። የተሽከርካሪ መገልበጥ ሥልጠና ላይ ደግሞ ብዙዎች የሚማሩት ነገር ቀበቶውን ከመፍታት በፊት አንድ እጅ ወደ ጣራው መዘርጋት ነው፤ ያለዚያ በራሱ ክብደት በአንገቱ ላይ ይወድቃል። ያልታሰረ የጥይት ሳጥንና የውኃ ጠርሙስ ሲገለበጥ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ከመንቀሳቀስ በፊት ሁሉም ይታሰር።

ተኩስ መቼ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ደንብና የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች ትምህርት ብዙ ጊዜ በስላይድ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ይህ ያሳዝነኛል። አንድ መኪና ወደ ኬላ በፍጥነት ሲመጣ የ20 ዓመት ልጅ በሰከንዶች ውስጥ የሚወስነው ነገር ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ሊታይ በሚችል ነገር ነው መለማመድ ያለበት፦ ምልክቱ የት ተተከለ፣ ሌሊት ይታያል ወይ፣ ማስጠንቀቂያው ከየት ርቀት ይጀምራል፣ ፍሬን የተበላሸበት ሰው እንዴት ይለያል። ከአስተርጓሚ ጋር መሥራትም ከዚሁ ጋር ይለመድ። ዓይን ወደ ሚነጋገሩት ሰው እንጂ ወደ አስተርጓሚው አይዙር፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፣ ምሕጻረ ቃልና የጦር ሰፈር ቋንቋ ይቅር፤ ንግግሩ ካለቀ በኋላ አስተርጓሚውን «ያላልኩት ምን ተረዳህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያሳያል።

ጓዝ ሲታሸግ የሚበላሸው ቀላል ነው። የተረከቡት ዕቃ ሁሉ በመለያ ቁጥሩ ፎቶ ይነሳ። ለጉዞው የመጀመሪያ 72 ሰዓት የሚያስፈልገው፣ ማለትም መድኃኒት፣ ካልሲ፣ የንጽሕና ዕቃ፣ ሙሉ የወረቀት ቅጂ፣ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ትልልቆቹ ከረጢቶች ከሰው ተለይተው በኋላ ሊደርሱ ይችላሉ።

ደመወዝ ከተጠባባቂ ወደ ሙሉ አገልግሎት ሲዞር የመጀመሪያው ክፍያ መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ ቤት ለሁለት ወር የሚበቃ ገንዘብ ይቀመጥ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት የደመወዝ መግለጫዎች መስመር በመስመር ይነበቡ፤ የቤት አበሉ በመኖሪያ ቤቱ ዚፕ ኮድ መሠረት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በትርፍ የተከፈለ ገንዘብም ሳይታወቅ ከቆየ በአንድ ጊዜ ይቆረጣልና «አልተናገሩኝም» አያድንም። በተመደቡ የጦር ቀጠናዎች ከ30 ተከታታይ ቀን በላይ የቆየ ወታደር እስከ 10,000 ዶላር በዓመት 10 በመቶ ወለድ በሚያስገኝ የቁጠባ ፕሮግራም ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ ፕሮግራም ቶሎ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

ለቤተሰብ የሚተወው ወረቀት አንድ ገጽ ይብቃው። የወታደሩ ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቀን፣ የክፍሉ ትክክለኛ ስም፣ አገር ቤት የቀረው የክፍሉ ኃላፊ ስልክ። ቤት ውስጥ ሞት ወይም ጽኑ ሕመም ቢደርስ ቤተሰቡ በቀጥታ በስልክ ሊያስመጣው አይችልም፤ መልእክቱ በአሜሪካ ቀይ መስቀል በኩል ይሄዳል። ቀይ መስቀል ነገሩን ከሐኪሙ ወይም ከቀብር አስፈጻሚው ያረጋግጥና ለአዛዡ ያደርሳል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው አዛዡ ነው። የሐኪም ቤቱ ስምና የሐኪሙ ስልክ ቶሎ ከተሰጠ ማረጋገጡ ይፋጠናል፤ ያ ካልሆነ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የሚበሩበትን ቀንና መንገድ በማኅበራዊ ሚዲያ አለመለጠፍም ለቤተሰቡ ይነገር፤ እናትና አባትም፣ ታናሽ ወንድምም እንዲያውቁት። ያቺ አንድ ገጽ በሁለት ቅጂ፣ አንዱ ከተወካዩ ዘንድ፣ ሌላው ቤት ውስጥ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ።